ሰማያዊው አበባ የማን ነው?

የቤትን ጓሮ በአበባ ማስጌጥ መልካም ልማድ መሆኑን የሚክድ ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን «የትኛውን አበባ፥ በማን ድካምና በየትኛው ውሃ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ መልሱ እንደ መጀመሪያው ቀላል አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ አሳቤን እንድገልጽ ዕድል ስላገኘሁ፥ ዴልፊንየም ስለሚባለው ሰማያዊ አበባ ጥቂት ልጽፍ አስቤአለሁ። የአሳቤም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ይህን አበባ በጓሮው ቢተክል ይጠቀማል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊተክል የሚገባው ከባሕር ማዶ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ የሚመጣውን ሳይሆን፥ የገዛ አገራችን ደጋ ያበቀለውን ነው። ምክንያቴንም ከዚህ ቀጥዬ በየተራው አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ ዴልፊንየም ምን ዓይነት ተክል እንደ ሆነ እንመልከት። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፥ ያልፈነዳው እምቡጥ ዶልፊን የሚባለውን የባሕር እንስሳ ስለሚመስል የወጣለት ነው። አበባው በአንድ ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ ተሰልፎ ከታች ወደ ላይ እየፈነዳ ይሄዳል። እያንዳንዱ አበባ ቀለም ያላቸው አምስት የውጭ ቅጠሎች አሉት፤ ከአምስቱም የላይኛው ወደ ኋላ የተዘረጋ ቀንድ አለው፤ ጣፋጩ የአበባ ወለላ የሚገኘውም በዚሁ ቀንድ ውስጥ ነው። የተክሉ ቅጠል እንደ ተዘረጋ መዳፍ የተከፋፈለ ነው። በዓለም ላይ ከ300 የሚበልጡ የዴልፊንየም ዓይነቶች ሲኖሩ፥ አብዛኞቹ የሚገኙት ብርድ ባለባቸው በሰሜኑ የምድር ክፍል አገሮች ነው። ከእነዚህ ዘመዶቻቸው ተለይተው በአፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች የሚበቅሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ከጥቂቶቹም መካከል የኢትዮጵያ ደጋ ልጆች ይገኙባቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገረም ይመስለኛል። ዴልፊንየም ሲባል ወዲያው ወደ አሳብ የሚመጣው በእንግሊዝ አገር የአትክልት ሥፍራ ቆሞ በፎቶግራፍ የምናየው ረጅም አበባ ነውና። ነገር ግን ጀርመናዊው መንገደኛ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስሜንና በጎንደር በኩል ሲያልፍ የአገራችንን ዕፅዋት እያደረቀ ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ ነበር። ፍሬዜንዩስ የተባለው የዚያው ከተማ የዕፅዋት ሊቅ ከኢትዮጵያ የተገኘውን አንዱን ዓይነት ዴልፊንየም ዳሲካውሎን ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ግንዱ ጠጉራም የሆነ ማለት ነው። ይህ ተክል በሣር መካከልና ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ይበቅላል፤ አበባውም ከነጣ ሰማያዊ አንሥቶ እስከ ደማቅ ሰማያዊ ድረስ ይለያያል። ሌላው የአገራችን ዴልፊንየም ደግሞ በ1898 እና በ1899 በኢትዮጵያ በተዘዋወረው በእንግሊዛዊው መኮንን በዌልቢ ስም ተጠርቷል።

ለእኛ ለደብረ ታቦር ልጆች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ታሪክ አለን። ጋፋትን የማያውቅ የዚህ ከተማ ተማሪ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1867 ያስቀለጡበት ሥፍራ ነው። ዳሩ ግን በዚያው በ1860ዎቹ ዓመታት ዊልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በጋፋትና በበጌምድር ደጋ እየተዘዋወረ ቅጠልና አበባ በወረቀት መካከል ያደርቅ እንደ ነበር የሚያስታውስ ስንቱ ነው? ሺምፐር በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ አብዛኛውን ዘመኑን ከእኛ ጋር ያሳለፈ ሰው ነው። የሰበሰባቸው ዕፅዋት በአውሮፓ ታላላቅ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት ተከፋፍለው ተቀምጠዋል፤ በበርሊን ከነበረው የዕፅዋት ክምችት ግን ብዙው ክፍል በ1943 በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ ጠፍቷል። እንግዲህ በአንድ መንደር፥ በአንድ ዘመን፥ አንዱ ወገን ብረት ሲያቀልጥ ሌላው ወገን አበባ ሲለቅም ነበር ማለት ነው። መድፉን እናውቀዋለን፥ እንኮራበታለንም፤ አበባውን ግን ረስተነዋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ አልቀረም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የሚመዘገብበት ታላቅ ሥራ በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ። ከመሪዎቹና ከአዘጋጆቹም አንዱ የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ዴልፊንየምም ከዘመዶቹ ጋር በ2000 በታተመው ክፍል ውስጥ ሥፍራውን ይዟል። ስለዚህ የመጽሐፉ ሥራ በሊቃውንቱ ተሠርቷል። የቀረው የእኛ ሥራ ነው፤ ይኸውም በመጽሐፍ ያለውን በጓሮ ማየት ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ አሳብ ልምጣ። በመጀመሪያ የሚነሣው ክርክር «አበባ አይበላም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች አላዋቂዎች አይደሉም። የደቡብ ጎንደር ደገኛ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍም እየተከፋፈለ የሚያንስ ነው። በዚያች መሬት ላይ ድንች፥ ገብስ፥ ባቄላና ጎመን ይፈለጋል፤ ለጠላው ጌሾ ይፈለጋል፤ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ባሕር ዛፍ ይፈለጋል። የራብን ዘመን ያዩ ወላጆች ልጆቻቸው ስለ አበባ ሲያወሩ ቢሰሙና ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። እኔም ድንቹ ተነቅሎ አበባ ይተከል የሚል አሳብ የለኝም። ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንብበው የሚቆጡት ወላጆች እውነት በያዙ ነበር።

ነገር ግን እስቲ የገዛ እናቶቻችንን ጓሮ ልብ ብለን እንመልከት። ጤና አዳም አለ፤ በሶብላ አለ፤ አሪቲና ጠጅ ሣር አለ። ጤና አዳምን ከቡና ጋር እናሸተዋለን እንጂ አንመገበውም፤ አሪቲም ለመዓዛው የሚተከል እንጂ ከእንጀራ ጋር የሚቀርብ አይደለም። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ አደይ አበባም ይለቅማሉ። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እንግዲህ ሕዝባችን ከሚበላው ሌላ ለዓይንና ለአፍንጫ የሚሆነውን መውደድ ከውጭ አገር ሰው የተማረው አይደለም፤ ከጥንት የነበረው ነው። የእኔ ጥያቄ በአጥር ሥር፥ ድንቹ በማይደርስበት ጠርዝ፥ አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ለዚህ አበባ ትሰጠው የሚል ብቻ ነው። ይህን ያህል ቦታ የቤተ ሰቡን ምግብ አያጎድልም።

ሁለተኛው ክርክር ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ነው። «አበባ ከተተከለ አይቀር የታወቀውን የባሕር ማዶውን እንትከል፤ የእኛው የዱር አበባ ትንሽ ነው፤ ያኛው ግን የሰው ቁመት ያህላል» የሚሉ አሉ። በቁመቱ በኩል የሚናገሩት እውነት ነው። ጥሩ የአትክልት ዴልፊንየም ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይቆማል። ነገር ግን ይህ ቁመት ከወዴት መጣ ብለን እንጠይቅ። የአትክልቱ ዴልፊንየም ዋና ወላጅ በአውሮፓና በሳይቤሪያ ተራሮች የሚበቅል የዱር ተክል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪክቶር ሌምዋን የተባለው አትክልተኛ በፈረንሳይ አገር ናንሲ በምትባለው ከተማ ይህን ተክል እያዳቀለ አሻሻለ። ከዚያም በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንክ ሬይነልት የተባለው ሰው በካሊፎርኒያ ሆኖ «የፓሲፊክ ግዙፎች» የተባሉትን ዝርያዎች አወጣ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ተአምር አይደለም፤ በየዓመቱ ከብዙዎቹ መካከል የተሻለውን መርጠው ፍሬውን መዝራት ነው። ገበሬዎቻችን በጤፍና በገብስ ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ስለዚህ የዱር አበባችን ትንሽ ነው ብሎ መናቅ፥ ያልተማረ ልጅ አያነብም ብሎ ከተማሪ ቤት እንደ ማስቀረት ያለ ነው።

ሦስተኛውና በእኔ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው የውሃ ነገር ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጉና ተራራም ጎረቤታችን ነው። ጉማራና ርብ ከዚህ ደጋ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ የወንዞች ራስ ላይ ተቀምጠን ሳለ፥ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውሃ በጀሪካን ይቀዳል። ከባሕር ማዶ የመጣው ግዙፍ አበባ ሥሩ እርጥበት ካላገኘ አይቆምም። እስቲ ቍጥሩን እናስላው። አንድ ቤተ ሰብ 10 ተክል ቢኖረው፥ አንዱም ተክል በሳምንት 10 ሊትር ቢጠጣ፥ በሳምንት 100 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን የደረቅ ወራት 30 ሳምንት ብንለው 150 ጀሪካን ይሆናል። ይህን 150 ጀሪካን ማን ይሸከመዋል? አባወራው ነውን? ወንድሞቻችንስ ናቸውን? በየቤታችን ያለውን እናውቃለን፤ የሚሸከሙት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። አንዲት ተማሪ የማታ ጥናቷን ትታ በጀርባዋ ያመጣችው ውሃ ለጌጥ ከፈሰሰ፥ ያ አበባ ምንም ቢያምር የቤቱ ክብር ሊባል አይገባውም።

የአገራችን ዴልፊንየም ግን የአገሩን ጠባይ ያውቃል። በክረምት ያድጋል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያብባል፤ ፍሬውን ካፈራ በኋላ ግንዱ ይደርቃል፥ ሥሩም ከመሬት በታች ሆኖ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ከሰው ጀሪካን አይለምንም። ከግዙፉ የባሕር ማዶ አበባ ይልቅ የእኛው ይቅደም የምልበት ዋና ምክንያቴ ይህ ነው። የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም፥ የድካም ሒሳብም ነው። ከባሕር ማዶውም አንድ ሁለት ሥር መትከል የሚፈልግ ቢኖር አልከለክለውም፤ ነገር ግን የእህልና የአትክልት እጣቢ እንዲጠጣ ያድርገው፥ ቀጂውም ራሱ ይሁን።

እንግዲህ አሳቡ በሥራ እንዲተረጐም አተካከሉን ባጭሩ ልግለጽ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለአገሩም ለባሕር ማዶውም ዓይነት ያገለግላል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ባለበት ግን እጠቅሰዋለሁ።

ስለ ፍሬው፤ የዴልፊንየም ፍሬ ትኩስ ሲሆን ነው የሚበቅለው። በሙቀት የቆየ ፍሬ ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከረጢት ገዝቶ «አልበቀለልኝም» የሚል ሰው ጥፋቱን በአፈሩ ላይ ማድረግ የለበትም። ከመስክ የሚለቀመው ደግሞ ከረጢቱ ቡናማ ሆኖ ጫፉ መከፈት ሲጀምር ይወሰዳል፤ በወረቀት ተጠቅልሎም በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። በላስቲክ መቋጠር ያሻግተዋል።

ስለ መዝራት፤ የባሕር ማዶው ኃይለኛው ዝናብ ሲቀንስ በመስከረም መጨረሻ በጥላ መደብ ላይ ቢዘራ ይሻላል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ችግኙን ከሥሩ ያበሰብሰዋልና። የአገሩ ግን የራሱን ልማድ ይከተል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ቢዘራ ከዝናቡ ጋር ያድጋል፤ መደቡ ግን ውሃ እንዲያሳልፍ ከፍ ተደርጎ ይሠራ። ፍሬው በስሱ አፈር ይሸፈን፤ ብርሃን አይፈልግም፥ ብዙ ሙቀትም አይወድድም። በዚህ በኩል የደብረ ታቦር ቅዝቃዜ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ወዳጅ ይሆናል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል፤ ግዙፉ ዓይነት ከሆነ በአንዱና በሌላው መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው። ቢቀራረቡ ነፋስ አይገባቸውም፤ ነፋስ ካልገባም ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሻጋታ ቅጠላቸውን ይይዛል።

ስለ አፈሩ፤ ዴልፊንየም ጥልቅ፥ ውሃ የሚያሳልፍና ኮምጣጣነት የሌለበት አፈር ይወድዳል። በደጋችን ዝናብ ያጠበው አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ስለ ሆነ ገበሬዎች ኖራ ሲጨምሩበት አይተናል። ለአንድ ክንድ መደብ ኖራ መግዛት አያስፈልግም፤ ከምድጃ የሚወጣው የእንጨት አመድ ጥቂት ጥቂት ቢጨመርበት ይበቃል። ከእርሱም ጋር በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀል። ያልበሰበሰ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። በባሕር ዛፍ አጠገብ መትከል ከንቱ ድካም ነው፤ ባሕር ዛፉ ውሃውን ሁሉ ይቀድመዋል።

ስለ ጠላቶቹ፤ የመጀመሪያው ጠላት ቀንድ አውጣ ነው። ለጋውን ቡቃያ በሌሊት እየወጣ ይግጠዋል። ማታ በባትሪ እየፈለጉ በእጅ መልቀም ከመድኃኒት ሁሉ ይበልጣል፤ በሥሩ ዙሪያ ደረቅ አመድ መነስነስም ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ይከላከላል። ሁለተኛው ጠላት በረዶና ነፋስ ነው። በጉና በኩል የሚመጣው በረዶ ለገብስም የማይመለስ ስለ ሆነ ለአበባ አይራራም። ግዙፉ ዓይነት ቁመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ሲሆን ቀጭን ቀርከሃ በአጠገቡ ተተክሎ ላላ ባለ ገመድ ይታሰር፤ ከወደቀ በኋላ ማቆም አይቻልም። የዱሩ ዓይነት ግን አጭርና ጠንካራ በመሆኑ በሣሩ መካከል ተደግፎ ይቆማል። ይህም ሌላ ጥቅሙ ነው።

ከሁሉ በላይ ሳልናገር ላልፈው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ዴልፊንየም መርዝ አለው። መላው ተክል፥ ይልቁንም ፍሬውና ለጋው ቡቃያ፥ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል። በምዕራብ አሜሪካ የግጦሽ ምድር የዱር ዴልፊንየም የበሉ ብዙ ላሞች ይሞታሉ፤ በግ ግን ከላም ይልቅ ይቋቋመዋል። ስለዚህ ጥጃ በሚታሰርበት፥ ሕፃናትም በሚጫወቱበት ቦታ አይተከል፤ ከአጥር ውስጥ፥ በተለየ ጥግ ይሁን። የተቆረጠው ግንድ ለከብት አይጣል፤ ፍሬውን የነካ እጁን ይታጠብ፤ ማንም ለመድኃኒት ብሎ እንዳይቀምሰው። «እንዲህ ከሆነ ለምን እንተክለዋለን?» የሚል ቢኖር፥ የምንፈራው የምናውቀውን ሳይሆን የማናውቀውን ሊሆን ይገባል እለዋለሁ። ተክሉ በመስካችን ላይ እንደ ሆነ አለ። ልጆች ለይተው ቢያውቁት ጥጃቸውን ይጠብቃሉ፤ ካላወቁት ግን ከብቱም እነርሱም ባለማወቅ ይጎዳሉ።

በመጨረሻም ስለ መስኩ አንድ ቃል። የዱሩን አበባ ወደ ጓሮ እናምጣ ስል፥ አካፋ ይዘን ወደ ተራራ እንውጣ ማለቴ አይደለም። የጉና ግርጌ እየታረሰ፥ ሣሩም ከመጠን በላይ እየተጋጠ የሄደ ምድር ነው። በዚያ ላይ ተማሪዎች ወጥተው ሥር ቢነቅሉ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ዘረፋ ይሆናል፤ የተነቀለውም ሥር ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ስለዚህ ሥሩ አይነካ፤ ከብዙ ተክሎች ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ፍሬ ብቻ ይለቀም፥ የቀረው ለመስኩ ይተውለት። የዱሩ ዘር ከመስኩ ቢጠፋ እንኳ በየጓሮው የተረፈው ዘሩን ያቆየዋል። በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የአገራችንን አዝርዕት ዘር የሚያስቀምጠው በዚሁ አሳብ ነው። እኛ ደግሞ እንደ ዓቅማችን በየአጥራችን ሥር እንዲሁ ብናደርግ ምን ይከለክለናል?

ስለሆነም ሦስት ነገር እንዲደረግ አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ የአገራችን የደጋ አበቦች ብቻ የሚበቅሉበት አንድ መደብ ይዘጋጅ፤ ዴልፊንየም በአጥር ተከልሎ፥ አደይ አበባና ቀጋም በየረድፋቸው ይተከሉ፤ ውሃውንም ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች በእኩል ተራ ይቅዱ። ሁለተኛ፥ የባዮሎጂ መምህሮቻችን ተክሉን በቀንዱና በቅጠሉ ለይተን እንድናውቅ ያስተምሩን፤ ያጠራጠረንንም ናሙና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ላሉት ሊቃውንት ወስደን እንጠይቅ፤ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን እያለ አለመጠየቅ ምንጭ ዳር ተቀምጦ መጠማት ነው። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ አያቶቹንና እረኞችን ጠይቆ የአካባቢውን አበቦች ስም በደብተሩ ይጻፍ። የሩፔል ስም፥ የሺምፐር ስም፥ የዌልቢ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ቀርቷል። በዚያ ተራራ ላይ ከብት ሲጠብቁ ያደጉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ለአበባው ያወጡትን ስም ግን እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፍልናል?

አገራችን ዛሬ አበባ ወደ ውጭ በመሸጥ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ መሆኗ ይነገራል። መልካም ነው፤ ገንዘብ ያመጣል፥ ለብዙ ሰውም ሥራ ይሰጣል። ነገር ግን ለባዕድ ገበታ ጽጌረዳ የሚያበቅል ሕዝብ፥ በገዛ ተራራው ላይ የሚያብበውን ሰማያዊ አበባ ስሙን ሳያውቅ ቢቀር ያሳፍራል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ የምንለምናችሁ በአጥር ሥር አንድ ክንድ መሬት ነው። መምህሮቻችን ሆይ፥ የምንለምናችሁ አንድ መደብና ጥቂት ሰዓት ነው። ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተን የምለምናችሁ ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ አበባውን የወደዳችሁ ሁሉ ጀሪካኑንም አንሡ።